ኮሮላዬ ደንገጎ ላይ ጠፋች፤ ጋራዡ «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል፣ 95 ሺህ ብር» አለኝ። ምን ላድርግ?

የሳቢያኗ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጉዳዩ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ስለሆነ በዝርዝር ልጻፈው። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

መኪናዬ ቶዮታ ኮሮላ ናት። 2006 ሞዴል፣ ከአሜሪካ የገባች፣ አውቶማቲክ። ከሰው የገዛኋት ዘንድሮ ነው። ቤቴ ድሬዳዋ ሳቢያን፣ ሥራዬ ሐረር ነው። ስለዚህ በመሀል ያለውን የደንገጎን ዳገት በሥራ ቀን ሁሉ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ።

መጀመሪያ የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራና በማግስቱ ራሱ ይጠፋ ነበር። ቀጥሎ ማርሽ ስትቀይር መምታት ጀመረች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዳገቱን ልትጨርስ ትንሽ ሲቀራት መንገድ መሀል ላይ ድርግም አለች። መሪው ጠነከረብኝ። ከኋላዬ ጭነት የጫነ ሲኖትራክ ነበር። እንደምንም ዳር ይዤ ቆምኩ። ኮፈኑን ከፍቼ ትንሽ ከቆየሁ በኋላ ተነሳች፤ ቤቴም አደረሰችኝ። በማግስቱ ግን ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዞራል እንጂ ሞተሩ አልነሳ አለ።

ጋራዥ አስጎትቼ ወሰድኳት። ቁልፍ ሲከፈት የቼክ ኢንጂን መብራት ጭራሽ አይበራም። ስካነር ሰኩባት፤ ምንም አላነበበም። «ማሽኑ ካላወራ ሞተሩን የሚያዘው ኮምፒውተር ሞቷል» አሉኝ። ያገለገለ ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ 95 ሺህ ብር፣ ግማሹ ቅድሚያ። «ካልሠራስ?» ስላቸው «እሱ እንግዲህ የዕድል ነው» አሉኝ። ይኼን ያህል ብር በዕድል ላይ ማስቀመጥ አልቻልኩም። መኪናዋን አስጎትቼ ግቢዬ መልሻታለሁ።

አብዲ ከመጋላ

አቦ እንኳን አላህ አተረፈሽ! ደንገጎ ላይ መጥፋት ከባድ ነው። እኔ ብሆን ሳልውል ሳላድር እሸጣታለሁ። መኪና አንዴ ኮምፒውተሯ ከተነካ አትለቅም። የአጎቴ ልጅ ሁለቴ ቀይሮ በመጨረሻ በርካሽ ነው የሰጣት። ትንሽ ጨምረሽ ሌላ ግዢ።

ከዚራ ጥላ ሥር

አብዲ፣ ምን ሌላ ትግዛ? ከ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ወዲህ አሮጌ መኪና ማስገባት የማይቀመስ ሆኗል። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። አሁን ገበያ ላይ ያለው ዞሮ ዞሮ ያው አገር ውስጥ የነበረው ነው። የምትገዛው መኪናም የሌላ ሰው ችግር ሊሆን ይችላል። ሞተሯና ካምቢዮዋ ደህና ከሆኑ መጠገን ይሻላታል። የማትነሳ መኪና ስትሸጪ ደግሞ ደላላው የሚሰጥሽን ዋጋ አስቢው።

የኮረንቲ ሰው

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ቤትሽ ገባሽ። ብሩን ገና አትስጪ።

እኔ እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ አካባቢ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ነኝ። «ስካነሩ አላነበበም» እና «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኮምፒውተሩ ኮረንቲ ካልደረሰው አያወራም። ማሳው፣ ማለትም የመሬት ገመዱ፣ ካልያዘ አያወራም። አንድ ሴንሰር ውስጡ ተገናኝቶ 5 ቮልቱን መሬት ካደረገበትም አያወራም። የተቃጠለውም አያወራም። ለሹፌሩ አራቱም አንድ ዓይነት ናቸው። መብራት የለም፣ ስካነር የለም፣ ሞተር የለም። የሚለያቸው ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ብቻ ነው። ቴስተር ያልያዘ ሰው «ተቃጥሏል» ካለሽ ገምቶ ነው።

እንዲህ አስደርጊ። መጀመሪያ ባትሪው ይለካ። ሞተሩ ሳይነሳ 12.4 እስከ 12.6 ቮልት ካለ ደህና ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ከ10 በታች መውረድ የለበትም። ቀጥሎ «ኢኤፍአይ» (EFI) የሚል ጽሑፍ ያለበት ፊውዝ አለ። በዓይን አይቶ «ደህና ነው» ማለት አይበቃም። በሁለቱም በኩል ኮረንቲ መኖሩ ይለካ። ቁልፍ ሲከፈት የሱ ሪሌ (ኮረንቲ የሚያስተላልፈው ማብሪያ) «ቀጭ» ማለት አለበት። ከዛ ማሳዎቹ። ሞተሩ ላይ በብሎን የታሰሩትን ገመዶች ፈትቶ፣ ዝገቱን ፍቆ መልሶ ማሰር ነው። ወጪው የጉልበት ብቻ ነው።

አሁን ዋናው። ኮምፒውተሩ 12 ቮልት ይቀበልና 5 ቮልት አድርጎ ለሴንሰሮቹ ያከፋፍላል። ቁልፍ ተከፍቶ፣ የስሮትሉ (ለሞተሩ አየር የሚለቀው በር) ሶኬት ተነቅሎ፣ እዛ ላይ 5 ቮልት መኖሩ ይለካ። ካለ ኮምፒውተሩ በሕይወት አለ። ከሌለ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ ዓይናቸው ግን ከቴስተሩ ላይ አይነሳ። አንዱ ሲነቀል 5 ቮልቱ ከተመለሰ ጥፋተኛው ያ ሴንሰር ወይም ገመዱ ነው። ቶዮታ ላይ ነዳጅ ታንከሩ አካባቢ ያለው የትነት ግፊት ሴንሰር እንዲህ ሲያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውየው ኮምፒውተር ሊገዛ አዲስ አበባ ሊሄድ ነበር።

ሁሉም ተነቅሎ፣ 12 ቮልቱም ማሳውም ኖሮ፣ 5 ቮልቱ ካልመጣ ያኔ ኮምፒውተሩ ነው።

አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም። ያንቺ ሞዴል ይታወቃል። ቶዮታ በ2010 እ.ኤ.አ. አሜሪካና ካናዳ የተሸጡ ከ2005 እስከ 2008 ሞዴል ኮሮላና ማትሪክስ መኪኖችን በዚሁ በሞተር ኮምፒውተር ምክንያት ለነፃ ጥገና መልሶ ጠርቷል። ቁጥራቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው ቦርድ ላይ ያለው ብየዳ ወይም ቦርዱን ከኮረንቲ የሚከላከለው አንዱ ዕቃ ይሰነጠቃል። ምልክቱም መብራቱ መብራት፣ ማርሽ መምታት፣ አለመነሳት፣ እየሄደች መጥፋት ነው። ያንቺን ታሪክ ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ቢሆንም ሳይለካ አይባልም።

የሳቢያኗ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥሪውን አላውቅም ነበር። እዚህ አገር ሆኜ በነፃ የሚቀየርልኝ መንገድ አለ?

የኮረንቲ ሰው

ጥሪው የተደረገው በአሜሪካና በካናዳ አከፋፋዮች በኩል ነው። እዚህ በነፃ ይቀየርልሻል ብዬ ተስፋ አልሰጥሽም። ግን የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ ገልብጪና አሜሪካ ባለው የቶዮታ ድረ ገጽ አስገቢው። 17 ፊደልና ቁጥር ነው። ጥገናው ከተሠራላት በኋላ ወደዚህ መጥታም ሊሆን ይችላል። ያ ከሆነ ጥርጣሬያችንን ወደ ገመድና ወደ ሴንሰር እናዞራለን።

ጀጎል በር

ከሐረር ነኝ። እኔ ራቭ4 አለኝ፣ 2002 ሞዴል። «ማርሽ ስትቀይር ትመታለች» ስትዪ ነው ለመጻፍ የተነሳሁት።

የኔ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስትቀይር አንገት እስኪያወዛውዝ ትመታ ነበር። ሁሉም ሰው «ካምቢዮ» አለኝ። ካምቢዮ ወርዶ፣ ዘይት ተቀይሮ፣ ምንም። በመጨረሻ አንድ ልጅ ነው «የ2001 እስከ 2003 ራቭ4 ኮምፒውተር በዚህ ይታወቃል፤ ካምቢዮውን የሚያዘው እሱ ነው» ያለኝ። እውነቱን ነው። ቶዮታ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ለነዚያ መኪኖች የኮምፒውተሩን ዋስትና አራዝሞ ነበር። ቦርዱ ተከፍቶ የላላው ብየዳ ሲታደስ መምታቱ ቆመ። ስለዚህ እህቴ፣ ካምቢዮሽን ማንም እንዳይነካው። ሳይጎዳ የተፈታ ካምቢዮ እንደነበረ ላይመለስ ይችላል።

ጋሼ ለገሀር

ልጆቼ፣ እኔ የባቡር ሰው ነኝ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከገባ ጀምሮ ይቺ ከተማ የመካኒክ ከተማ ናት። ለገሀር ወርክሾፕ ውስጥ የማይሠራ ብረት አልነበረም። ሐረር ላይ የሚሠሩት ፔጆ 404 ታክሲዎችም ካርቡራቶርና ካንዴላ ከተስተካከለላቸው ይሄዳሉ። እነሱን በጆሮ ሰምተህ በእጅ ታስተካክላለህ። የዛሬዋ መኪና በጆሮ አትገኝም፤ የኮረንቲ ሰው ያለው ቴስተር የግድ ነው።

እኔ የምጨምረው፣ ልጄ መኪናዋ የጠፋችው ሞቃ ነው፣ የተነሳችው ደግሞ ቀዝቅዛ ነው። የተሰነጠቀ ብየዳ እንደዚህ ያደርጋል። ስለዚህ ምርመራው በቀትር አይሁን። ሌሊት አድራ ጠዋት በማለዳ፣ ብረቱ ቀዝቃዛ ሳለ ይለካ። ከዛ ይሙቅና እንደገና ይለካ።

የኮረንቲ ሰው

ጋሼ ልክ ኖት፣ እኔም ልጽፈው ስል ቀደሙኝ። ማሞቂያው ደግሞ የፀጉር ማድረቂያ ነው። ሳጥኑን ብቻ፣ በርቀት፣ ቀስ እያሉ። እህቴ፣ የሞተር ሴንሰሮችም ሲሞቁ ይጠፋሉ። ለዚህ ነው ሳጥኑን ለብቻው ማሞቅ የሚያስፈልገው። ሳጥኑ ብቻ ሞቆ ከጠፋ ክርክሩ አለቀ።

የቪትዟ ባለቤት

እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ፤ የሌላ ሰው ብር ያድናል።

ድሬ ውስጥ ኤሲ የማይበራበት ቀን የለም። የኤሲው ውሃ በቀጭን ጎማ ቱቦ ወደ ውጭ ይፈሳል። የኔ ቱቦ በአቧራ ተደፈነ። ውሃው ወደ ውስጥ ተመለሰ። ከፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ይርሳል፤ እኔ ልጆች ውሃ የደፉ ነበር የመሰለኝ። የኮምፒውተሩ ሳጥን ደግሞ እዛው ነው ያለው፣ ከመሳቢያው ጀርባ። መኪናዋ አንዳንዴ ትነሳለች፣ አንዳንዴ አትነሳም። «ኮምፒውተር ቀይሪ» ተባልኩ።

አንድ የታናሽ ወንድሜ ጓደኛ ሶኬቱን ነቅሎ አሳየኝ። ከፒኖቹ አራት አምስቱ አረንጓዴ ዝገት ለብሰዋል። በስፕሬይና በለስላሳ ብሩሽ አጸዳው፣ ቱቦውን በሽቦ ከፈተው። እስከ ዛሬ ትሠራለች። ወጪዬ የስፕሬይና የሻይ ነው። የሳቢያኗ፣ ምንጣፉን አንስተሽ በእጅሽ ዳስሺው።

ሹፌር ኤረር

ኮምፒውተር የሚገድሉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ መንገድ ላይ በየቀኑ አያለሁ። አንደኛ ባትሪ ሲወድቅ ከጭነት መኪና መበደር። የጭነት መኪናው 24 ቮልት ነው፣ የቤት መኪና 12። የሚበደረው ሰው ደግሞ ችኮላ ላይ ስለሆነ አይጠይቅም። ሁለተኛ ባትሪው ሳይፈታ መኪናው ላይ ብየዳ መበየድ። ማርሚታ እንኳን ቢሆን ባትሪው ይፈታ።

ላቫጆ ላይ ሞተሩን በኃይለኛ ውሃ ማስመታትንም ጨምሩበት። ለዓይን ያምራል፣ ሶኬት ውስጥ ግን ውሃ ይገባል።

አብዲ ከመጋላ

እሺ፣ መሸጡን ትቼዋለሁ። ግን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እኮ ከተፈታ መኪና የወጣ ኮምፒውተር ሞልቷል። 95 ሺህ የተጠየቀችው በዝቶ ነው። ሰው ልኮ ማስመጣት አይቻልም?

የኮረንቲ ሰው

ይቻላል፣ ግን በጥንቃቄ። ሳጥኑ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። የቶዮታ የሞተር ኮምፒውተር ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በ89661 ይጀምራል። እሱ ለሁሉም አንድ ስለሆነ አያታልላችሁ። የሚለየው ከሰረዙ በኋላ ያለው ነው። እሱም ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። ማንዋልና አውቶማቲክ አንድ አይደሉም። የአሜሪካና የዱባይ ኮሮላ አንድ አይደሉም። ሶኬቱ ስለገባ ብቻ «ገጠመ» የሚሉ አሉ።

ኢሞቢላይዘር (የራሷ ባልሆነ ቁልፍ እንዳትነሳ የሚከለክል የስርቆት መከላከያ) ያላት መኪና ከሆነች ሌላ ጣጣ አለ። ቁልፉ ውስጥ ያለው ቺፕ የተመዘገበው አሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ ወይም ለብቻው ያለ የኢሞቢላይዘር ሳጥን ውስጥ ነው። ሌላ ስትሰኪ ቁልፍሽን አያውቀውም። በብዙ ሞዴል ላይ ያንን ምዝገባ ከአሮጌው ቦርድ ላይ ካለች ስምንት እግር ካላት ትንሽ ቺፕ አንብቦ ወደ አዲሱ መገልበጥ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው አሮጌውን ኮምፒውተር ጋራዥ ጥላችሁ አትሂዱ የምለው። ቢሞትም የናንተ ነው፣ በእጃችሁ ይግባ።

እሷ ላይ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ከሶማሌ ተራ የሚመጣው የ2006 ኮምፒውተር ያው የተጠራው ዓይነት ከሆነ የሌላ ሰው ስንጥቅ ነው የምትገዛው። ስለዚህ መጀመሪያ የራሷ ቢጠገን ነው የምመርጠው።

የሳቢያኗ

የለካነውን ልጻፍላችሁ። የኮረንቲ ሰው ራሱ ቤቴ ድረስ መጣ፤ ውለታውን አልረሳም።

ማለዳ ፀሐይ ሳትወጣ ነው የጀመረው። ባትሪው 12.5። የኢኤፍአይ ፊውዝ በሁለቱም በኩል ኮረንቲ አለው፣ ሪሌውም «ቀጭ» ይላል። ማሳዎቹን ፈትቶ ፍቆ አሰረ፣ ለውጥ የለም። ምንጣፉ ደረቅ ነው። ከዛ መሳቢያውን አውጥቶ ሳጥኑን እንዲታይ አደረገ። የስሮትሉን ሶኬት ነቅሎ ቴስተሩን አስገባ። 5 ቮልት አለ! መብራቱም ደብዘዝ ብሎ በራ። ጋራዥ ውስጥ በቀትር ያልበራው መብራት ማለት ነው። ሞተሩን ሞከርኩ፣ ተነሳ። ጎረቤቶቼ እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ።

እሱ ግን ዝም ብሎ አጠፋትና ሴንሰሮቹን በሙሉ ነቀለ። ቁልፉን ከፈተ። ከሳሎን በገመድ ኮረንቲ ስበን የኔን የፀጉር ማድረቂያ ሳጥኑ ላይ አበራ። እኔ ቴስተሩን ያዝኩ። 4.9 የነበረው ትንሽ ቆየ። 4.9። 4.8። ድንገት 0.6 ሆነ። መብራቱም አብሮ ጠፋ። አንድም ሴንሰር አልተሰካም። «ይኸው» አለ። ማድረቂያውን አነሳ። ሳጥኑ ሲቀዘቅዝ 5 ቮልቱ ተመለሰ።

ስለዚህ ጋራዡ የገመተው ዕቃ ልክ ነበር። ሳይለኩ ነው ያገኙት እንጂ። አሁን ጥያቄዬ፣ ቦርዱን ማን ይሥራው?

የኮረንቲ ሰው

ሞባይልና ቴሌቪዥን ቦርድ የሚሠሩ ልጆች ዘንድ ውሰጂው። ግን ሦስት ነገር ጠይቂ። ማጉያ መነጽር አለው ወይ? ቦርዱን የሸፈነውን ቫርኒሽ የሚያነሳበት ነገር አለው ወይ? ሥራውን እያየሽ ይሠራልሻል ወይ? ሁሉንም ነገር በጅምላ የሚያሞቅ ከሆነ ይዘሽ ተመለሺ። ከመነቀሉ በፊት ባትሪው ይፈታ። ሳጥኑን ከከፈቱ በኋላ ፒኖቹን በእጅ አትንኪ።

የሳቢያኗ

ሠራልኝ። ከዚራ አካባቢ ያለ ልጅ ነው፣ ሥራውን በትዕግሥት ነው የሚሠራው። በማጉያው አሳየኝ። ከሶኬቱ ፒኖች አንዱ ዙሪያውን እንደ ቀለበት የተሰነጠቀ ብየዳ አለ። በጣም ቀጭን ነው፣ ለዓይን አይታይም። ፒኑን በቀስታ ሲነካው ይንቀሳቀሳል። አጠገቡ ያለው ትንሽ ዕቃም ጥግ ላይ ጫር ብሏል። ብየዳውን አሮጌውን አንስቶ አዲስ ሰጠው፣ ትንሿን ዕቃ ቀየራት። ቫርኒሹንም መልሶ ቀባ። 6 ሺህ ብር ነው የከፈልኩት።

መልሰን ስንሰካት መብራቱ ደምቆ በራ፣ ስካነሩም አነበበ። ፀጉር ማድረቂያውን ደግመን አበራንበት፤ 5 ቮልቱ አልተነቃነቀም። ማርሽ መምታቱም ቆሟል።

አሁን ስለ ሻጩ ልጠይቅ። መብራቱ ገና በገዛሁ ሰሞን ነው የበራው። የጥገናውን ልጠይቀው እችላለሁ?

ጀጎል በር

ሕግ ስለማነብ ትንሽ ልበል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ ነው ይላል። ግን ገዢውም ዕቃውን መመርመር አለበት፤ ጉድለቱን ሲያይም ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ውላችሁ ላይ «ባለችበት ሁኔታ ተረክቤአለሁ» የሚል ካለ ሊያከራክር ይችላል። የመልእክት ማስረጃ ካለሽ፣ መብራቱ እንደበራ የጻፍሽለት ነገር ካለ አስቀምጪው። 6 ሺህ ብር ለመካሰስ የሚበቃ አይመስለኝም። ስልክ ደውለሽ በሰላም ጠይቂው፣ ግማሹን እንኳን ቢሰጥሽ።

ከሀረማያ

ይቅርታ በሰው ክር ውስጥ ገባሁ። የኔ ያሪስም ስትሞቅ ትጠፋለች፣ ስትቀዘቅዝ ትነሳለች። ግን ቁልፍ ስከፍት መብራቱ ይበራል፣ ስካነሩም ያነባል። የኔም ኮምፒውተር ነው?

የኮረንቲ ሰው

መብራቱ ከበራና ስካነሩ ካነበበ ኮምፒውተርህ ያወራል፤ ሳጥኑን አትንካው። የክራንክ ሴንሰሩን፣ የሞተሩን ዘንግ መዞር የሚያነበውን፣ ጠርጥር። እሱ ሲሞቅ ይቋረጥና ሞተሩ ይጠፋል። ስካነሩ ላይ ፒ0335 (P0335) የሚል ቁጥር ካለ ወደሱ ያመለክታል። ሶኬቱንና ገመዱንም እይ፣ ዘይት የነካው ከሆነ ይጸዳ። በጠፋችበት ሰዓት፣ ገና ሞቃ ሳለች ይነበብና ያወጣውን ቁጥር እዚህ ጻፍልኝ።